በአንድ ወንዝ ሁለት ዳር፦ የበርሊን 82ኛ የምርጫ ክልል የጉዞ ማስታወሻ

እሁድ፣ ሰኔ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ፍሪድሪክስሃይን

ፍራንክፈርት በሰላም ደረስኩ። ያስቸገረኝ ከዚያ ወደ በርሊን የሚሄደው ባቡር ነው። አራት ሰዓት ተኩል የተባለው መንገድ ሰባት ሰዓት ፈጀ። አንድ ማሳ አጠገብ ቆመን ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበቅን። ጎኔ የተቀመጡ ሴትዮ ከቦርሳቸው ፖም አውጥተው ቆረጡና ግማሹን ሰጡኝ። ቋንቋ ባይኖረንም በዚያች ፖም ተግባባን።

በርሊን ስገባ ሰዓቱ መሽቷል፣ ሰማዩ ግን ገና ብርሃን ነው። በሰኔ እዚህ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ጋሼ ዋርሻወር ሽትራሰ ጣቢያ ቆመው እየጠበቁኝ ነበር። የእናቴ የአጎት ልጅ ናቸው። በደርግ ዘመን ለትምህርት ወደ ምሥራቅ ጀርመን መጥተው እዚሁ ቀሩ። «ልጄ፣ እንዴት ከሳሽ!» አሉኝ፤ ሻንጣዬን ነጠቁኝና አራተኛ ፎቅ ድረስ ተሸክመው ወጡ። ሊፍት የለም።

የሰኔ ጾም ስለሆነ እትዬ ሽሮና ጎመን ሠርተው ጠበቁን። እንጀራው ጤፍና ሌላ ዱቄት የተደባለቀበት ነው፣ ግን ዓይኑ ያምራል። «እንደ አገር ቤቱ አይሆንም» ይላሉ፣ እኔ ግን ሁለት ጨረስኩ።

ለምን እንደመጣሁ ልናገር። አዲስ አበባ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የዜግነት ትምህርት አስተምራለሁ። ስለ ምርጫ ክልል ባስተማርኩ ቁጥር ከልጆቹ አንዱ እጁን ያወጣና «መስመሩን ማን ነው ያሰመረው?» ብሎ ይጠይቀኛል። በስልክ ይህን ለጋሼ ስነግራቸው፣ «ነይ፣ የኛን ሰፈር በእግርሽ ሂጂበት፤ ያኔ ይገባሻል» አሉኝ።

ከእራት በኋላ ካርታ ዘረጉ። ጀርመን በ299 የምርጫ ክልሎች ተከፋፍላለች። መራጩ አንድ ወረቀት ላይ ሁለት ድምፅ ይሰጣል። የመጀመሪያው ለክልሉ ተወዳዳሪ ነው። ሁለተኛው ለፓርቲ ሲሆን፣ በፓርላማው በቡንደስታግ የፓርቲዎቹን ድርሻ የሚወስነው እሱ ነው። እኛ ጋ አንድ ድምፅ ነው፤ ብዙ ያገኘ ያልፋል፣ አለቀ። «አስመራ የተወለደችው አወት ተስፋኢየሱስ በ2021 ቡንደስታግ የገባችው በፓርቲዋ ዝርዝር ነው» አሉ እትዬ ከማጀት ሆነው። «የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት እሷ ናት። ክልል ላሸንፍ ብትል ኖሮ ሌላ ትግል ነበር።»

የጋሼ ክልል ስሙ ረጅም ነው፦ በርሊን ፍሪድሪክስሃይን፣ ክሮይትስበርግ፣ ፕሬንስላወር በርግ ምሥራቅ። በ2025ቱ ምርጫ ቁጥሩ 82 ነበር። ጋሼ ጣታቸውን ካርታው መሃል ላይ አሳረፉ። የሽፕሬ ወንዝ ክልሉን ለሁለት ይከፍለዋል።

(የራሴን ቀን በእኛ አቆጣጠር፣ የጀርመኑን ታሪክ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።)

ሰኞ፣ ሰኔ 9፣ ኦበርባውም ድልድይ

ከጋሼ ቤት ድልድዩ የሩብ ሰዓት መንገድ ነው። በ1896 የተሠራ የቀይ ሸክላ ድልድይ ነው። መሃሉ ላይ እንደ ቤተ መንግሥት በር የቆሙ ሁለት ማማዎች አሉት። ከላይ ቢጫው ባቡር ያልፋል፣ ከታች መኪናና ብስክሌት። ብስክሌተኞቹ አይምሩም። መንገዳቸው ላይ ቆሜ ፎቶ ሳነሳ አንዱ ጮኸብኝ፣ ጋሼ በክንዴ ጎተቱኝ።

በርሊን በምሥራቅና በምዕራብ ተከፍላ ሳለች፣ ወንዙ ውስጥ ድንበሩ የነበረው መሃል ላይ ይመስለኝ ነበር። አይደለም። እዚህ ቦታ ውሃው እስከ ምዕራቡ ዳር ድረስ የምሥራቅ በርሊን ነበር። ምዕራብ በርሊን ያለች ክሮይትስበርግ ዳርቻው ብቻ ነው ያላት። በዚህ ምክንያት ከ1966 እስከ 1975 ባለው ጊዜ አምስት የክሮይትስበርግ ሕፃናት እዚሁ ወንዝ ዳር ሲጫወቱ ወድቀው ሰጠሙ። የመጨረሻው ቼቲን ሜርት ይባላል፣ ቱርካዊ ልጅ ነው። ግንቦት 11 ቀን 1975 አምስተኛ ዓመቱን በያዘበት በልደቱ ቀን ኳሱን ሊያወጣ ሲል ገባ። የምዕራቡ እሳት አደጋ ሠራተኞች ደረሱ፣ ግን ውሃው የሌላ አገር ነውና መግባት አልቻሉም። ሕዝቡ ዳር ቆሞ አየ። በዚያው ዓመት ጥቅምት መጨረሻ ሁለቱ ወገኖች ስለ ነፍስ ማዳን ስምምነት ፈረሙ።

ዳርቻው ላይ ተቀመጥን። ለብዙ ደቂቃ ምንም አላወራንም። ከፊታችን የሽርሽር ጀልባ ሙዚቃ እያሰማ አለፈ።

የዚህ ዳርቻ ስም ራሱ ተቀይሯል። ድሮ የተሰየመው ለግሮበን ነበር፤ ዛሬ ጋና በምትባለው ምድር የባሪያ ንግድ ምሽግ የመሠረተ የብራንደንቡርግ ሰው ነው። በ2010 ስሙ ተነሥቶ በሜይ አዪም ተተካ። አባቷ ጋናዊ፣ እሷ የጀርመን ባለቅኔ፣ በ1996 እዚሁ በርሊን ያረፈች ሴት ናት። ሰሌዳውን ሳነብ እንባዬ መጣ። አፍሪካዊ ሆኜ በዚያ ስም ሥር መቀመጥ ሌላ ስሜት አለው።

ጋሼ ከዚህ ጋር አያይዘው የነገሩኝን ለልጆቼ ሳልነግር አልቀርም። በግንቡ ዘመን በወንዙ ሁለት ዳር የሚኖሩ ሰዎች ሁለቱም የቡንደስታግ ድምፅ አልነበራቸውም። የምሥራቁ ምክንያት ግልጽ ነው። እዚያ የሚቀርበው አንድ የጋራ ዝርዝር ነው። መራጩ ወረቀቱን ተቀብሎ፣ አጥፎ፣ ሳጥን ውስጥ ይከታል። ሕዝቡ «ልንመርጥ ነው» አይልም ነበር፤ «ልናጥፍ ነው» ነበር የሚለው። የምዕራቡን ግን አላውቅም ነበር። ምዕራብ በርሊን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሸናፊ ኃያላን ቁጥጥር ሥር ስለነበረች ሕዝቧ ለቡንደስታግ በቀጥታ አይመርጥም ነበር። የከተማው ምክር ቤት ነው 22 ተወካዮችን የሚልከው፣ እነሱም ሕግ ሲጸድቅ ድምፃቸው አይቆጠርም። ክሮይትስበርግ ውስጥ በ1950 የተወለደ ሰው ለቡንደስታግ በቀጥታ ድምፅ የሰጠው አርባ ዓመት ሞልቶት ነው። ሁለቱም ዳር አንድ ላይ የመረጡት ታኅሣሥ 2 ቀን 1990 ነው።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 10፣ ካርል ማርክስ አሌ

ሳላስበው ቀኑ ገጠመ። በእነሱ አቆጣጠር ዛሬ ሰኔ 17 ነው። በ1953 በዋዜማው፣ ሰኔ 16፣ ያኔ ስታሊን አሌ ይባል በነበረው በዚህ ሰፊ ጎዳና ላይ ሕንፃዎቹን እየሠሩ የነበሩ ግንበኞች ሥራ አቆሙ። ደመወዝ ሳይጨመር የሥራ ኮታው በአሥር ከመቶ ይጨመር ስለተባለ ነው። ተቃውሞው በማግስቱ አገር አዳረሰ። የጠየቁት ኮታው እንዲነሣ ብቻ አልነበረም፣ ነጻ ምርጫም ጭምር ነው። የሶቪየት ታንኮች ዝም አሰኙት።

ጎዳናው ስፋቱ ያስደንቃል። ግራና ቀኝ ያሉት ሕንፃዎች በሸክላ ንጣፍ የተለበጡ ናቸው። ፍራንክፈርተር ቶር ላይ ሁለት ማማዎች ቆመዋል፣ ሄርማን ሄንዘልማን የሚባል አርክቴክት የነደፋቸው ናቸው። የደርግ ዘመን ሕንፃዎችን ላየ ሰው አንድ የሚያውቀው ነገር አለበት። ማኪያቶ ለመጠጣት ቁጭ ብዬ 4 ዩሮ ከ20 ከፈልኩ። በእኛ ከ600 ብር በላይ ነው፤ ጠብታ በጠብታ ነው የጠጣሁት።

ከዚያ ብቻዬን ዚንገር ሽትራሰ ፈለግሁ። ሁለት ጊዜ ጠፍቼ አገኘሁት። የሚታይ ነገር የለውም፣ ተራ የመኖሪያ ሕንፃዎች፣ የታሰሩ ብስክሌቶች፣ አንድ ሕፃናት መጫወቻ። እኔ ግን የመጣሁት ለስሙ ነው። ፓውል ዚንገር አይሁዳዊ ነጋዴ ነበር፣ የሴቶች ኮት ፋብሪካ የነበረው። ሀብታም ሆኖ የሶሻል ዴሞክራቶች መሪ ሆነ። ከ1884 ጀምሮ በ1911 እስከ ሞተበት ቀን ድረስ የዚህ ሰፈር ተወካይ ነበር። በ1886 በፀረ ሶሻሊስት ሕጉ ከበርሊን አባረሩት፤ ከገዛ ምርጫ ክልሉ ማለት ነው። መራጮቹ ግን አልተዉትም።

ክልሉ ያኔ «በርሊን 4» ይባል ነበር። ካርታውን ሳየው ክው አልኩ። ያ የድሮው ክልል ከወንዙ በላይ ያለውን የሽትራላው ሰፈር፣ ከወንዙ በታች ደግሞ ዛሬ ክሮይትስበርግ የሚባለውን ከፊል የሚያቅፍ ነበር። ሁለቱም ዳር የሠራተኛ ሰፈር ነው፤ በድልድይ ተሻግሮ ሠርቶ የሚመለስ ሕዝብ። ስለዚህ በ2002 ምሥራቁንና ምዕራቡን ያገናኘ አዲስ ክልል ተሠራ ሲባል፣ አዲስ አልነበረም። ግንቡ ከመሠራቱ ከብዙ ዓመት በፊት ወንዙ የማይለያየው አንድ ክልል ነበር። ድንበሩ ነው ድንገት የመጣው።

በእርግጥ ያም ዘመን ጉድለት ነበረው። የሚመርጡት ከ25 ዓመት በላይ የሆኑ ወንዶች ብቻ ናቸው። ከተማዋ ስታብጥ የክልሎቹ መስመር አልተነካም። በርሊን ሁለት ሚሊዮን ሰው ሞልታ እንኳ ወንበሯ ስድስት ብቻ ነበር። የገጠሩ ጥቂት ሰው አንድ ተወካይ ሲልክ፣ የሠራተኛው ሰፈር ስንት እጥፍ ሆኖ ያንኑ አንድ ይልካል። መስመር ባለመንካትም ማዳላት ይቻላል።

ስመለስ በሳማሪተር ቤተ ክርስቲያን በኩል አለፍኩ። በ1980ዎቹ የተቃዋሚዎች መጠለያ ነበር። ግንቦት 7 ቀን 1989 በተደረገው የአካባቢ ምርጫ ዜጎች ጣቢያዎቹ ውስጥ ቆመው የድምፅ ቆጠራውን በወረቀት መዘገቡ። ማታ መንግሥት 98.85 ከመቶ ድጋፍ አገኘሁ ሲል የእነሱ ወረቀት ውሸት መሆኑን አሳየ። ጋሼ ያኔ ተማሪ ነበሩ። «ሹክሹክታው ዶርም ድረስ ደረሰ። የውጭ ዜጋ ስለነበርኩ አፌን ያዝኩ» አሉኝ። ከስድስት ወር በኋላ ግንቡ ተከፈተ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 11፣ ክሮይትስበርግ

ቀኑ በክፉ ተጀመረ። ትኬት በ3 ዩሮ ከ80 ገዛሁ፣ ባቡር ውስጥ ገባሁ። ድልድዩን ስንሻገር ፎቶ እያነሳሁ ነው። አንድ ተራ ልብስ የለበሰ ሰው ካርድ አሳየኝና ትኬት ጠየቀኝ። ሰጠሁት። ለካ እዚህ ትኬት መግዛት ብቻውን አይበቃም፣ ፌርማታው ላይ ባለች ትንሽ ማሽን መመታት አለበት። የኔው አልተመታም። እንግዳ ነኝ ብል፣ ፓስፖርት ባሳይ፣ የሚሰማ የለም። 60 ዩሮ ቅጣት፣ በእኛ ወደ 9,000 ብር። ለእትዬ ስደውል አለቀሱልኝ ማለት ይቻላል። ወደ በርሊን የምትመጡ ሁሉ ትኬታችሁን ምቱ።

ኮትቡሰር ቶር ወረድኩ። ይህ የቱርኮች ሰፈር ነው። ጫጫታው፣ የአትክልት ጠረጴዛዎቹ፣ በር ላይ ወንበር አውጥተው ሻይ የሚጠጡ ሽማግሌዎች፣ ሁሉም መርካቶን አስታወሰኝ። ጾመኛ ስለሆንኩ የምስር ሾርባ አዘዝኩ። ሎሚና በርበሬ ይዞ መጣ። ዓይኔን ጨፍኜ ብቀምሰው ክክ ወጥ ይመስለኛል። ከዳቦ ጋር 5 ዩሮ ነው፤ እስካሁን ከበላሁት ሁሉ እሱ ጣመኝ።

አዳልበርት ሽትራሰ ላይ የክፍለ ከተማው ሙዚየም አለ፣ መግቢያው በነጻ ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል ቆየሁበት። ከግንቡ በኋላ ክሮይትስበርግ ጥግ ላይ ተጣለች። በመሃሏ አውራ ጎዳና ሊዘረጋ ታቅዶ ቤቶቹ እንዲያረጁ ተተዉ። ርካሽ ስለሆኑ የቱርክ ሠራተኞች ገቡባቸው፣ ተማሪዎች ገቡባቸው፣ በ1980ና በ81 ባዶ ቤት ሰብረው የሚገቡ ወጣቶች በዙ። አውራ ጎዳናው ሳይሠራ ቀረ፣ ቤቶቹ ታደሱ። ያ ትግል ነው የሰፈሩን የፖለቲካ ጠባይ የሠራው።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በ2001 መጀመሪያ የበርሊን 23 ክፍለ ከተሞች ተዋህደው 12 ሆኑ። ፍሪድሪክስሃይንና ክሮይትስበርግ አንድ ተደረጉ፣ አርማቸውም ይኸው ኦበርባውም ድልድይ ሆነ። በዚያው ሰሞን ቡንደስታግ ራሱን ሊያሳንስ ወስኖ ክልሎቹን ከ328 ወደ 299 አወረደ። የበርሊን ድርሻ ከ13 ወደ 12 ወረደ። መስመሩን ማን አሰመረው? ፕሬዚዳንቱ የሚሾመው ኮሚሽን ሐሳብ ያቀርባል፣ ሕግ አድርጎ የሚያጸድቀው ቡንደስታግ ነው። ለልጆቼ የምመልሰው መልስ ይኸው ነው፤ ቀጥሎ የሆነውን ግን ጨምሬ መንገር አለብኝ።

ሃንስ ክርስቲያን ሽትሮብለ የሚባል ጠበቃ ነበር፣ የአረንጓዴዎቹ ፓርቲ አባል። ጦርነት አይወድም። በኅዳር 2001 መራሔ መንግሥት ሽሮደር የአፍጋኒስታኑን ዘመቻ ከመተማመኛ ድምፅ ጋር አስሮ ሲያቀርብ፣ ከገዛ ፓርቲው ተለይተው እምቢ ካሉት አራት ሰዎች አንዱ እሱ ነበር። ለ2002ቱ ምርጫ ፓርቲው በዝርዝሩ ላይ ሳያካትተው ቀረ። ሌላ ሰው ቢሆን ቤቱ ይገባ ነበር። እሱ ግን በዚህ አዲስ ክልል በቀጥታ ተወዳደረ። አረንጓዴዎቹ እስከዚያ ቀን በመላ አገሪቱ አንድም ክልል አሸንፈው አያውቁም። በብስክሌት ሰፈር ለሰፈር ዞረ፣ ቀይ ሻርፑ መታወቂያው ነበር። በ31.6 ከመቶ አሸነፈ። ከዚያ በ2005፣ በ2009፣ በ2013 ደገመው። እስከ 2021 ድረስ አረንጓዴዎቹ በቀጥታ የሚያሸንፉት ብቸኛ ክልል ይህ ነበር። እሱ በ2017 ሲተው ቱርክ የተወለደችው ጠበቃ ጃናን ባይራም ተካችው። ሽትሮብለ በነሐሴ 2022 አረፈ።

ጋሼ ዜግነት ያገኙት በ2001 ነው። የመጀመሪያ ድምፃቸውን የሰጡት በዚያው በ2002 ነው። ለማን እንደሰጡ ጠየቅኳቸው። «ይኸማ የኔ ምስጢር ነው» ብለው ፈገግ አሉ። «ግን ከጣቢያው ስወጣ በድልድዩ በእግሬ ሄጄ ተመለስኩ። የማጥፊያው ዘመን ትዝ አለኝ።»

ሐሙስ፣ ሰኔ 12፣ ፕሬንስላወር በርግ ምሥራቅ

ዝናብ። ጃንጥላ አልያዝኩም። የቦትሶው ሰፈር መንገዶች ዛፍ የለበሱ ናቸው፣ የሕፃን ጋሪ የሚገፉ ወላጆች ይበዛሉ። ቤቶቹ ያማሩ፣ ኪራዩ የሚያስደነግጥ ነው። ብዙ የምተርከው የለኝም፣ አንድ ነገር ብቻ፦ ይህ ቁራጭ የሌላ ክፍለ ከተማ ሆኖ ሳለ ለምን ከዚህ ክልል ጋር ተቀጠለ? ሕጉ ክልሎቹ በሕዝብ ብዛት እንዲመጣጠኑ ያዛል። የሚቆጠሩት ግን የጀርመን ዜጎች ብቻ ናቸው። ትናንት ሾርባ ከበላሁበት ሰፈር ስንቱ ነዋሪ ለዚህ ቆጠራ ሰው አልሆነም ማለት ነው። ጉድለቱ ከዚህ መጥቶ ተሞላ። ይህ አልተዋጠልኝም፣ አሁንም አልተዋጠልኝም።

መስመሩ ሌላም ነገር ለውጧል። በ1994 የምሥራቁ ፓርቲ ፔዴኤስ በአገር አቀፍ 4.4 ከመቶ ብቻ አግኝቶ፣ የአምስት ከመቶውን ወለል ሳያልፍ ቡንደስታግ ገባ። ምክንያቱ አራት ክልሎችን በቀጥታ ማሸነፉ ነው፣ አራቱም ምሥራቅ በርሊን ናቸው። ሦስት ክልል ያሸነፈ ፓርቲ ወለሉ አይመለከተውም። ያኔ ፍሪድሪክስሃይን ከሊሽተንበርግ ጋር ነበረች። በ2002 መስመሩ ተቀይሮ ከክሮይትስበርግ ጋር ስትዋሃድ ፓርቲው ሁለት ክልል ብቻ ቀረው። 4 ከመቶ ቢያገኝም በሁለት ሰው ብቻ ቀረ። እርሳስ የያዘ እጅ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ እዩ።

ማታ ጋሼ የሚመርጡበትን ትምህርት ቤት አሳዩኝ። በመስከረም 2021 ሁለት ሰዓት የተሰለፉት እዚህ በር ላይ ነው። በዚያ ቀን ከተማው ማራቶንም ነበረው፣ መንገድ ተዘግቶ ወረቀት አልደረሰም። በዚህ ክልል አንዳንድ ጣቢያዎች የሌላ ክፍለ ከተማ ወረቀት ነበር የመጣው። ከዚያ ሦስት ወር ቀደም ብሎ፣ በሰኔ 2021፣ እኔም አዲስ አበባ ተሰልፌ እስከ ማታ ቆይቼ ነበር። ሰልፉን ለጋሼ ስነግራቸው፣ «ጀርመን ናት ብለሽ አትገረሚ፣ ፍርድ ቤት እስኪሄድ ነው ልዩነቱ» አሉኝ። በታኅሣሥ 2023 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ከ2,256 ጣቢያዎች በ455ቱ እንዲደገም ወሰነ። የካቲት 11 ቀን 2024 ተደገመ። ሳይሸፋፍኑ በአደባባይ መድገማቸውን አከብራለሁ።

በየካቲት 2025ቱ ምርጫ ደግሞ ክልሉ ከስድስት ምርጫ በኋላ ከአረንጓዴዎቹ እጅ ወጣ። የግራው ፓርቲ ፓስካል ማይዘር አሸነፈ። ያ ፓርቲ የድሮው ፔዴኤስ ተተኪ ነው። አዲሱ ሕግ ወንበሩን በ630 ስለገደበው በመላ አገሪቱ ክልላቸውን አሸንፈው ወንበር ያላገኙ 23 ሰዎች አሉ፤ እሱ ግን ገብቷል።

ዓርብ፣ ሰኔ 13፣ መመለሻ

እትዬ ዳቦ ቆሎና ሁለት ጥቅል በሶ ጨመሩልኝ፤ ከአገር ቤት የመጣሁትን ሰው ለመንገድ በሶ ያስይዙኛል። ትኬቴን ማሽኑ ላይ መታሁት። ጋሼ ባቡሩ ሊነሣ ሲል ካርታቸውን በመስኮት አቀበሉኝ፣ ከወንዙ ሁለት ዳር በእርሳስ ያሰመሩበትን።

በመስከረም ክፍሌ ግድግዳ ላይ እለጥፈዋለሁ። ከጎኑ መስመር የሌለው የአዲስ አበባ ካርታ ይሰቀላል። እርሳሱን ለዚያ እጁን ለሚያወጣው ልጅ እሰጠዋለሁ፣ እንደ አዲስ አበባ የምርጫ ክልሎች ቁጥር 23 ቦታ ይከፋፍለው።